ከደሴቱ እስከ ሆስፒታሉ

እሱ፦ ሁለት የካሪቢያን ደሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ የግሬናዳው ሴንት ጆርጅስ በ1976፣ በዶሚኒካ የተጀመረው ሮስ በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተመሠረቱ። በሁለቱም ሁለት ዓመት ያህል መሠረታዊ ሳይንስ፣ ከዚያ በብዛት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ልምምድ ነው። ታዲያ በሥርዓተ ትምህርት አንዱን ከሌላው ምን ይለየዋል?

እሷ፦ መጀመሪያ መሠረታዊ ሳይንሱን እይ። በቀድሞው ስልት አናቶሚ ለብቻ፣ ፊዚዮሎጂ ለብቻ፣ ፋርማኮሎጂም ለብቻ ይሰጣል። በተቀናጀው ግን ልብ ላይ ሲደረስ አፈጣጠሩ፣ አሠራሩ፣ የልብ ድካምና መድኃኒቱ በአንድ ሰሞን ይመጣሉ። እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ፤ ታማሚ በትምህርት ዓይነት ተከፋፍሎ አይመጣም።

እሱ፦ ይህን መሠረታዊ ሳይንስ የሚለካው የአሜሪካው የመጀመሪያ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናም ከ2022 ወዲህ ነጥብ ቀርቶ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆኗል።

እሷ፦ ይኼ የደሴት ተማሪን ይጎዳዋል፤ በከፍተኛ ነጥብ ራሱን የሚያሳይበት አንዱ በር ተዘጋ። አሁን ራሱን ይበልጥ የሚያሳየው በሆስፒታል ልምምዱ ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሦስተኛው ዓመት ልምምድ አንድ ከተማ ላይ ያልቅ እንደሆነ ጠይቁ።