የዓሣ ማጥመድ ቃላት፤ ከደባርቅ እርሻ እስከ ጣና ዳርቻ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የገብስ አገር ናት። ኑሮዋ በእርሻና በከብት እንጂ በዓሣ አይደለም። ሆኖም የደባርቅና የዳባት ገበሬ ማለዳ ተነሥቶ በሬዎቹን ሲጠምድ፥ የሚናገረው ግስ ያው የጣና ዓሣ አጥማጅ የሚጠራበት ግስ ነው። ጠመደ፣ ጥማድ፣ ወጥመድ፣ አጥማጅ፤ እነዚህ ሁሉ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሥሩ በግዕዝ ፀመደ ሲሆን፥ ማሰርንና በቀንበር ማጣመርን ያመለክታል። በዕብራይስጥም ጼሜድ የሚለው ቃል ጥማድ በሬን ይሰይማል። እንግዲህ ቃሉ ከቀንበር ተነሥቶ ወደ ወጥመድ፥ ከወጥመድም ወደ ዓሣ ተሻግሯል ማለት ነው። ጉዞውም በዚህ አላበቃም፤ ሰው በሰው ላይ ቂም ሲይዝ “ጠመደው” ይባላል፤ ፈንጂም ይጠመዳል።

ሁለተኛው ምንጭ የግዕዝ መጽሐፍ ነው። ደገኛው ሐይቅ ሳያይ መረብን ያውቃል፤ ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን ሲጥሉ በወንጌል ሰምቷልና። መረብ የግዕዙ መርበብት ነው፤ ረበበ፥ ማለትም ተዘረጋ፣ አንዣበበ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ መያዙን የሚናገረው የክታብ ጸሎትም መርበብተ ሰሎሞን ይባላል። እንደዚሁም ማሥገርና አሥጋሪ ከግዕዙ ሠገረ የተገኙ ናቸው። በአገልግሎት ግን ልዩነት አላቸው፤ አሥጋሪ የጽሕፈትና የስብከት ቃል ሲሆን፥ አጥማጅ በገበያና በሐይቅ ዳር ይነገራል።

ይሁንና ከእርሻና ከመጽሐፍ የመጡት ቃላት ሲቆዩ፥ ሐይቁን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ሕዝብ ቃላት ጠፍተዋል። ከደባርቅ በጎንደር በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ በጣና ዙሪያ የሚኖረው ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ እየሠራ፣ ዓሣ እያጠመደና ጉማሬ እያደነ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። ንጉሡ ሁለት ሰዎች አስጠርቶለት ነበር፤ እነርሱ ግን በስቅላት ቢያስፈራሩዋቸውም መልስ አልሰጡም። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦይገን ሚትቮኽ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ከጥቂት የጉማሬ ብልቶች ስም በቀር ትርጉሙን ዘፋኙም ጓደኞቹም አያውቁም ነበር። ግሪዮል ከሰበሰባቸው ብዙ ቃላት መካከል ማርሴል ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1939 ምንጫቸው ያልታወቀ ብሎ የለያቸው ስድስት ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ ሽልክሪት፥ የዓሣ ቅርፊት፤ ሌላው ዋዝምስ፥ የጉማሬ አከርካሪ ነው። ፍሬደሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1965 በመጣ ጊዜ ከዓሣ ማጥመድ ሥራ እንኳ አንድም የቀድሞ ቃል አላገኘም።

በአንጻሩ የሰሜን ተራሮችን ዕድል እንመልከት። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ባስተዋወቀ ጊዜ የአገሬውን ስም ጠብቆ ጻፈ። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ዛሬ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ይገኛሉ። ዋልያና ሽልክሪትን የለያቸው የቃላቱ ክብደት አይደለም፤ በጊዜ የጻፈ ሰው መገኘቱና አለመገኘቱ ነው።

የደባርቅ ገበሬ የሞፈሩን፣ የእርፉን፣ የድግሩንና የወገሉን ስም ዛሬ በቃሉ ይናገራል፤ የጣና አጥማጅም የታንኳውን አሠራር እንዲሁ። መሣሪያው ሲለወጥ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ስለሆነም በየወረዳው የሚሠራ እያንዳንዱ የማኅበሩ አባል ደብተር ይዞ ከባለሙያው አጠገብ ቢቀመጥ፥ የሚጽፈው ቃል ለነገው ተመራማሪ ሰባተኛው ቃል ይሆናል።