አንቱ፣ እርስዎና አንተ፤ ሰውን እንደየአገሩ ስለ ማክበር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)





ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮም ስለ ጥበቃ ተራም አይደለም። የዚያ ሒሳብ ለብቻው ተጽፎ ይለጠፋል። ዛሬ ጥቂት ስለ አነጋገር እንወያይ ብለን ነው። «ይኸ ደግሞ ምን ስብሰባ ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ወደ ማኅበራችን የሚመጡት አቤቱታዎች ሲመረመሩ፣ የብዙዎቹ መነሻ አጥርም ወሰንም ሳይሆን አንዲት ቃል ሆና ተገኝታለች። «አንተ አለኝ»፣ «አንች አለችኝ» የምትለዋ ናት። በዚችው ቃል ጎረቤት ከጎረቤት ተኳርፏል፤ ቡና መጠራራት የተወም አለ። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

እንደሚታወቀው ከተማችን ጅጋ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬና ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና በእኛ በኩል ያልፋል። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴው ከየአገሩ ይመጣል። ከሌላ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ወገኖችም አብረውን ይኖራሉ። ሁሉም አማርኛ ይናገራል፤ ነገር ግን አማርኛው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አከባበሩም እንደዚሁ።

መጀመሪያ ቃሎቹን እንለያቸው። ፊት ለፊታችን ያለውን አንድ ሰው የምንጠራባቸው ቃሎች አራት ናቸው። ለወንድ አንተ፣ ለሴት አንች፣ ለምናከብረው ሰው ደግሞ አንቱ ወይም እርስዎ እንላለን። አንችን አዲስ አበባዎች አንቺ ይሏታል። አንቱና እርስዎ ወንድና ሴት አይለዩም። ግሡም እንደ ብዙ ሰው ነው የሚሄደው። አንድ አባት ብቻቸውን ሲመጡ «መጡ» እንላለን፤ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» እንላቸዋለን። ሰውየው አንድ ሆነው ሳለ በክብራቸው ብዙ ሆኑ ማለት ነው። በሌሉበት ስናነሣቸውም «እሳቸው» እንላለን። ከዚሁ ቃል የወጣ ሌላ አነጋገርም አለን፤ ስሙ የታወቀውን ሰው «አንቱ የተባለ ገበሬ»፣ «አንቱ የተባለ ነጋዴ» እንለዋለን። ስለዚህ አንቱታ ዝም ብሎ ቃል አይደለም፤ እንደ ካባ የሚደረብ ነው።

ታዲያ «አንተ» ስድብ ነው ወይ? አይደለም። እግዚአብሔርን ስንለምን «አንተ ታውቃለህ» ነው የምንለው። እመቤታችንንም «አንቺ» እንላታለን። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም በአማርኛ ዱዓ ሲያደርግ አላህን በአንተ ነው የሚለምነው። ንጉሡን ግን «ጃንሆይ» ብሎ በእርስዎ ማናገር ግድ ነበር። በብዙ ቤት ደግሞ ልጅ እናቱን «አንች» ይላታል፤ ማንም ነውር ነው አይለውም። እንግዲህ አንተ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ፍቅርና ቅርበት ነው፤ ሌላ ጊዜ ንቀት ነው። የሚለየው የሚናገረው ሰውና የመጣበት አገር ነው።

አሁን ወደየአገሩ እንሂድ።

በእኛ በጎጃም፣ በተለይ በገጠሩ፣ የክብር ቃል አንቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን እርስዎ ይበዛል። ከዚያ የመጣ አንዳንድ ሰው አንቱ ሲባል የገጠር ቃል ይመስለዋል፤ ከእርስዎ ዝቅ ያለ ነው ብሎ የሚያስብም አለ። የእኛ ሽማግሌ በበኩሉ እርስዎ ሲሉት የቢሮ ቃል ሆኖበት ይርቀዋል። ሁለቱም ክብር ናቸው፤ በዚህ የሚጣላ ካለ በከንቱ ነው የሚጣላው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም መንገድ አለ። ታላቁን «ጋሼ»፣ ታላቋን «እትዬ» ይልና ከዚያ በኋላ በአንተና በአንቺ ያናግራል። «ጋሼ፣ መጣህ?» ይላል። ለእኛ ጆሮ ግማሹ ክብር ግማሹ ድፍረት ይመስላል። ለእነሱ ግን ክብሩ «ጋሼ» በምትለው ቃል ውስጥ አልቋል፤ የቀረው ቅርበት ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሄደ ሰው ደግሞ የባሰ ይደነግጣል። እዚያ ልጁ ሽማግሌውን፣ ሠራተኛው አለቃውን አንተ ቢል የተለመደ ነው። አገሩ በግልጽነቱና በተጫዋችነቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሲከባበር በአንቱታ አይደለም። እንዲያውም አንቱ ቢሉት «ምን አራቅኸኝ?» የሚል አለ።

ሌሎች ቋንቋዎቻችንንም ብናይ እንዲሁ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በትግርኛ አንተ ለማለት «ንስኻ» ነው፤ ሲያከብሩ ወንዱን «ንስኹም»፣ ሴቷን «ንስኽን» ይላሉ። እኛ በአንቱ ወንድና ሴት ስንቀላቅል እነሱ በክብሩም ውስጥ ይለያሉ። በኦሮምኛ አንተም አንቺም «ኣቲ» ነው፤ ሰው ሲያከብሩ ግን «ኢሲን» ይላሉ፣ እናንተ እንደ ማለት። በእንግሊዝኛ ደግሞ ለንጉሥም ለእረኛም ያው «ዩ» ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የተወለደ የልጅ ልጅ በስልክ «አያቴ፣ አንተ እንዴት ነህ?» ቢል አያት ሊከፋቸው አይገባም። የሚያውቀው ቋንቋ ይህን አላስተማረውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው በሠፈራችን ስለ ደረሰ ነገር ነው። ስም አንጠራም።

በውኃ ቦኖው ላይ አንድ ሽማግሌ ተራ ይጠብቃሉ። ከድሬዳዋ የመጣ አንድ ወጣት ከፊታቸው ነበር። ዞር ብሎ «አንተ፣ ጀሪካንህን አምጣ ልሙላልህ» አላቸው። ሽማግሌው በሰው ፊት ተዋረድሁ ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ። ነገሩ ወደ ማኅበሩ መጣ። ሽማግሌዎች ተሰየሙ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አላወቀም። አንደኛው ዳኛ «ለመሆኑ አያትህን ምን ብለህ ትጠራለህ?» ብለው ጠየቁት። «አንተ ነው የምለው፤ እወደዋለሁ እኮ» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ልጁ ጉልበት ስሞ ታረቁ። ልብ በሉ፤ ልጁ ተራውን ለቆ ውኃ ሊቀዳላቸው ነበር። ሥራው ክብር ነበር፤ ቃሉ ብቻ የእኛ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከዳር ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት ተነሡ። ጠጉራቸው ሸብቷል። «እኔ በዚህ ከተማ ልጆች ወልጄ ልጅ ልጅ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ አንቱ ያለኝ ሰው የለም። ለእኔ ማን ይሰየምልኝ?» አሉ። ቤቱ ዝም አለ።

ወገኖቻችን፣ የንግግራችን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በገበያ ቀን ቆመን ብናይ ሐቁ ይኸው ነው። ሸክላ ሠሪዋን የሰባ ዓመት እናት «አንች፣ ይኸ ጀበና ስንት ነው?» እንላለን። ገና ጺሙ ያላቀመቀመ ከረባት ያሰረ ልጅ ሲመጣ ግን «ይምጡ ጌታየ፣ ይቀመጡ» ብለን ወንበር እንለቃለን። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ተሸካሚው፣ ዘበኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ስንቱ በሽምግልናው አንተ ይባላል! የድሬዳዋው ልጅ ሁሉንም እኩል አንተ ይላል። እኛ ደግሞ ሰው እየመረጥን፣ ልብስ እያየን አንቱ እንላለን። ከሁለታችን ማን ነው ባለጌው? እስቲ እያንዳንዳችን በልባችን እንመልስ።

ይህ ነገር ድሮም ነበረ። ቀድሞ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ የሚባል ማዕረግ ነበረ፤ ሰው የሚጠራው በማዕረጉ ነው። የማንኩሳውን ልጅ የበዛብህን ነገር የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያን ዘመን ያነበበ ያውቀዋል። አቶና ወይዘሮ እንኳ ቀድሞ የባለ ማዕረግ መጠሪያ ነበሩ፤ ለሁሉ የደረሱት ቆይተው ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ሲቋቋሙ ደግሞ «ጓድ» የሚባለው ቃል ገባ። ጓድ ሁሉን እኩል ያደርጋል ተብሎ ነበር። ነገር ግን ጓድ እየተባለም ከላይ ያለው እርስዎ፣ ከታች ያለው አንተ መባሉ አልቀረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ቃሉም አብሮ ሄደ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መጠሪያ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ልብ ካልተለወጠ ንቀት አዲሱንም ቃል ለብሶ ይመጣል።

ደግሞም ክብር በቃል ብቻ አይገለጽም። ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ብሎ መነሣት፣ እሱም «በእግዜር!» ብሎ ማስቀመጥ የእኛ ወግ ነው። እጅ ሲታጠቡ ከታላቅ መጀመር፣ ሲጠሩ «አቤት» ማለት፣ ሲሰጡም ሲቀበሉም በሁለት እጅ ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ሳይናገሩ ማክበር ነው። ወጣቱ አሁን ሲጠሩት «ወዬ» ይላል፤ ለእኩያው ምንም አይደለም፤ ለአባቶች ግን «አቤት» ቢል ያምርበታል። በአፉ አንቱ እያለ ከወንበሩ የማይነሣ ግን ያከበረ አይባልም።

ስለሆነም ኮሚቴያችን የሚከተለውን ለአባላት ያሳስባል።

1ኛ. ወደ ከተማችን አዲስ የመጣችሁ ወገኖች፣ የምታከብሩትን ሰው አንቱ ወይም እርስዎ በሉ። ከተጠራጠራችሁ አንቱ ማለት አይጎዳም። ሰውየው ልጅ ከሆነ ራሱ «አንተ በለኝ፣ ምን አስረጀኝ» ይላችኋል።

2ኛ. የአገሩ ተወላጆች፣ እንግዳ ሰው አንተ ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «አገርህ ወዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የጠየቀ ሰው ከግማሹ ጠብ ይድናል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው የአገራችንን ወግ ማስተማር የእኛው ሥራ ነው፤ ሲያስተምሩ ግን በደግ ቃል ነው።

3ኛ. ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ጠረጴዛ ፊት የሚቀርብ አዋቂ ሰው ሁሉ፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ አቶ ወይም ወይዘሮ ተብሎ በአንቱታ ይስተናገዳል። በመዝገባችንም ስሙ እንዲሁ ይጻፋል። እስካሁን «ሸማኔው»፣ «ሸክላ ሠሪዋ» ተብለው በመዋጮ መዝገቡ የተጻፉት አባላት በሙሉ ስማቸው እንዲታረም ተወስኗል። መዝገቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሚታረም ስማችሁን እየመጣችሁ አስመዝግቡ።

4ኛ. ወላጆች በቤታችሁ ያለችውን ሠራተኛ ልጆቻችሁ እንዴት እንደሚጠሯት ተመልከቱ። ልጅ ንቀትን የሚማረው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከማዕድ ቤት ነው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶች። የእኛም ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ነገር ግን አንቱ ለማለት ሰርተፊኬት አይጠየቅም። ገንዘብም አያስወጣም። በእጃችን ካለው ነገር ሁሉ፣ ሰጥተን የማይጎድልብን እሱ ነው።

በመጨረሻም፣ በዚሁ ስብሰባ ላይ የሸክላ ሠሪዋ እናት የማኅበራችን የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል እንዲሆኑ ተጠቁመው በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል። ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። የምትናገሯቸው ሁሉ አንቱ ትሏቸዋላችሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ጅጋ