ለሠራተኛ የሚሆን ስልክ እንዴት ይመረጣል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ለንግግራችን የመረጥነው አርእስት ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከኛ መካከል አንዳንዱ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲሄድ፣ ሌላው በዚሁ በትየርኪዲ ወይም በጋምቤላ ከተማ ሥራ ይይዛል። ቤት ለቤት እየዞረ ሕፃናትን የሚመዘግብ፣ የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በተስፋፋው በቴሌብር ገንዘብ የሚከፍልና የሚቀበል ይሆናል። ያን ጊዜ አሠሪው በእጁ የሚያስይዘው መሣሪያ ስልክ ነው። ስለዚህ ይህ ትንሽ የሚመስለው ነገር የእንጀራችን ነገር ነው።

ይህን አርእስት ያስመረጠን ምክንያት አለ። ከኛ በፊት ትምህርቷን የጨረሰች አንዲት እኅታችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትመዘግብበት ሥራ አግኝታ ነበር። የተሰጣት ስልክ ሰፊ መስተዋት ያለው፣ ሲያዩት ደስ የሚያሰኝ ነበር። ዳሩ ግን ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቅ ነበርና፣ በፀሐይ ኃይል ስልክ ለሚሞሉት ሰዎች የምትከፍለው ከራሷ ኪስ ነበር። በክረምት አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዛት ውኃ ገባበትና ጠፋ፤ ዋጋውም ከደመወዟ ተቆረጠ። እኛም «ጥፋቱ የማን ነው? የያዘችው ወይስ የመረጠላት?» ብለን ተከራከርን። ከክርክራችን የደረስንበትን ነው ዛሬ የምንነግራችሁ።

አስቀድመን የዓለምን ገበያ እንመልከት። ብዙ ዓመት ሙሉ የዘመናዊ ስልክ ሽያጭ በየዓመቱ ሲጨምር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ገበያ የወጣው ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 1.17 ቢሊዮን ወርዶ፣ በ2024 ጥቂት ቢያንሰራራም ወደ ቀድሞው ከፍታ አልተመለሰም። ምክንያቱ ሰው ስልክ መውደዱን ስለ ተወ አይደለም። አዲሱ ስልክ ከአሮጌው የሚለይበት ነገር እያነሰ፣ ዋጋው ግን እየጨመረ ስለ ሄደ፣ ሰው በእጁ ያለውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘው ጀመር። በአገራችንም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስልክም ሆነ በአገር ውስጥ የሚገጣጠምበት ክፍል ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ።

እንግዲህ ስልክ በየዓመቱ የማይለወጥ ከሆነ፣ ጥያቄው «አዲሱ የትኛው ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ለሥራው የሚሆነውና ብዙ ዓመት የሚያገለግለው የትኛው ነው?» መሆን አለበት። አባቶቻችን እንደሚያውቁት፣ ወጣት በዘፈን የሚያወድሰው በሬ በመልኩና በቀንዱ ቅርጽ ይመረጣል፤ ቤተ ሰብ የምትመግበው ላም ግን በወተቷ ትመረጣለች። የሥራ ስልክ ወተቱ የሚፈለግ ላም ነው እንጂ የዘፈን በሬ አይደለም።

ወተቱስ ምንድር ነው? አንደኛ፣ ባትሪው ነው። ብዙ ስልክ ሠሪዎች ስልካቸው ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ፤ የጋምቤላ ቆላ ግን በየካቲትና በመጋቢት ከዚያ በላይ ይሞቃል። ሙቀትም የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ ትልቅ ባትሪ ያለውን መምረጥ፣ ሲያረጅም በቅርብ ሊለወጥ መቻሉን መጠየቅ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያው የሚቀርብ ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ ቢያንስ 80 በመቶውን እንዲይዝ ደንግጓል። እኛም ገዢዎች ሆነን ይህንኑ ብንጠይቅ ነውር አይሆንብንም።

ሁለተኛ፣ ውኃና አቧራ መቻሉ ነው። በስልኩ መግለጫ ላይ «አይፒ 67» የሚል ምልክት ሲገኝ፣ 6 ቁጥር አቧራ እንደማያስገባ፣ 7 ቁጥር ደግሞ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንደሚቆይ ያመለክታል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ለሚውጠው ሠራተኛ ይህ ምልክት ካማረ ካሜራ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የሠሪው ኩባንያ ድጋፍ ነው። ብላክቤሪ አንድ ጊዜ የነጋዴዎችና የሹማምንት ስልክ ነበር፤ ኩባንያው ግን ለቀድሞዎቹ ስልኮቹ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አቆመ። የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ መዝጊያው እንደ ላላ ቤት ነው፤ በውስጡ የሰው ስምና ገንዘብ ሊቀመጥበት አይገባም።

አራተኛ፣ ቋንቋው ነው። የሚገዛው ስልክ አማርኛንም፣ የኑዌርኛ ልዩ ፊደላትንም በትክክል መጻፉን ከመግዛት በፊት መሞከር ያስፈልጋል። የሰው ስም በስሕተት ከተመዘገበ፣ ያ ሰው በኋላ በምዝገባው ይቸገራል።

ለብዙ ሠራተኛ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጊዜን ማሰብ አለበት። አገራችን ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚሆን ታብሌት ገዝታ ነበር፤ ቆጠራው ግን በጸጥታ ምክንያት በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ሥራ ሊዘገይ ይችላል፤ የመሣሪያ ዕድሜ ግን ሥራውን አይጠብቅም። ሳይሞላ በመጋዘን ብዙ የቆየ ባትሪ ይዳከማል፤ የሠሪው የድጋፍ ዘመንም መቁጠሩን አያቆምም። በችኮላ ብዙ ገዝቶ ከማከማቸት፣ አስቀድሞ ጥቂቱን ለጥቂት ሠራተኞች ሰጥቶ፣ ከሥራው ቦታ ላይ ፈትኖ፣ ከዚያ የቀረውን መግዛት ይሻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለምን?

አንዳንድ አሠሪ «ሠራተኛው በራሱ ስልክ ይሥራ» ይላል። ይህ ወጪ ያቀልላል። ነገር ግን ስልክ የሌለው ሥራውን ያጣል፤ ያለውም የሕሙማንን ስም ከቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ጋር ቀላቅሎ ይይዛል። በዚህ መንገድ መሥራት ግድ ከሆነ፣ የሥራው ክፍል በስልኩ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይቆለፍ፤ ስልኩ ቢጠፋም ያ ክፍል ከሩቅ ሊደመሰስ የሚችልበት ዘዴ ስላለ ይዘጋጅ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ስልክ ከመግዛት በፊት ተሸክሞት የሚዞረው ሰው ይጠየቅ። ሲገዛም ከዋጋው ጋር የመሙያው፣ የሽፋኑና የጥገናው ወጪ አብሮ ይታሰብ፤ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይወሰን። ያቺ እኅታችን ይህን ማን በጠየቀላት ኖሮ!

ውድ ወላጆቻችን፤ ከእናንተ መካከል ሱቅ ያላችሁ፣ ሠራተኛም የምትቀጥሩ አላችሁ። ይህ መጠለያ በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙዎቻችሁ የጠፋ ዘመዳችሁን የፈለጋችሁት በአንዲት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነበር። ያቺ ስልክ አላማረችም፤ ነገር ግን ሥራዋን ሠራች። የምትመርጡልንን ስልክ በዚያች አስባችሁ ምረጡልን። እኛም በተራችን አሠሪዎች ስንሆን እንደዚሁ ለማድረግ በዚህ በዓል ቀን ቃል እንገባለን።