የቶኪዮ ቀመርና የዓባይ ሸለቆ

ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



የተንቀሳቃሽ ስልክ የሬድዮ ሞገድ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለመተንበይ በዓለም የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ቀመሮች የተገኙት መንገድ ለመንገድ ከተደረገ ልኬት ነው። ዮሺሂሳ ኦኩሙራና ባልደረቦቹ በቶኪዮና በአካባቢዋ መለኪያ በተጫነበት መኪና እየተዘዋወሩ የሞገዱን ብርታት መዘገቡ፤ ውጤቱንም በእ.ኤ.አ. 1968 በግራፍ አሳተሙ። ማሳሃሩ ሃታ ደግሞ በ1980 ግራፎቹን ኮምፒዩተር ሊያሰላው ወደሚችል አጭር ቀመር ለወጣቸው።

ቀመሩ የሚሰጠው ቁጥር ሜዲያን ነው፤ ይኸውም በአንድ ርቀት ላይ ካሉት ቦታዎች ግማሾቹ ከዚያ በላይ፥ ግማሾቹ ከዚያ በታች የሚያገኙት ብርታት ነው። በዚህ ቁጥር ዙሪያ ያለው መዋዠቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕንፃና ጉብታ ከሚጥሉት ጥላ የሚመጣ ሲሆን፥ በዴሲቤል ሲለካ የኖርማልን ሥርጭት ይከተላል። ሁለተኛው ከየግድግዳው የተንጸባረቁ ሞገዶች አንዳንዴ ሲደጋገፉ፥ አንዳንዴም ሲጠፋፉ የሚፈጠር ነው፤ በ900 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ስልኩ አንድ ስንዝር ሲንቀሳቀስ እንኳ ምልክቱ ሊወድቅ ይችላል። ይህ የመሣሪያ ሠሪዎች ራስ ምታት ነው። የአውታር ነዳፊውን ኪስ የሚነካው የመጀመሪያው ነው።

የጥላው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 8 ዴሲቤል ቢሆን፥ በጣቢያው ክልል ጠርዝ ላይ ከመቶ ቦታዎች በ50ው ፈንታ 90ው እንዲደርሳቸው 1.28 ጊዜ 8፥ ማለት 10 ዴሲቤል ያህል መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ይህም ኃይልን 10 እጥፍ ማሳደግ ነው። ኃይሉ ካልጨመረ ርቀቱ ይቀንሳል። በ30 ሜትር አንቴና፥ ርቀት 10 እጥፍ ሲሆን የሃታ ቀመር ብርታቱን በ35 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፥ የክልሉ ራዲየስ ወደ ግማሽ፥ ስፋቱም ወደ ሩብ ይወርዳል። በአንድ ጣቢያ ፈንታ አራት መሥራት ማለት ነው። በሜዲያን ብቻ የተሳለ ካርታ ርካሽ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍለው ግን ሐኪም ለመጥራት ስልኩን ይዞ ኮረብታ የሚወጣው የጠርዙ ነዋሪ ነው።

የባሰው ጉዳይ ቀመሩ ከተወለደበት ምድር ውጭ ሲሠራበት ይመጣል። ሃታ ወሰኑን በግልጽ አስቀምጧል፤ ከ150 እስከ 1500 ሜጋ ኸርዝ፥ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር፥ የአንቴናው ውጤታማ ከፍታ ከ30 እስከ 200 ሜትር፥ መሬቱም ለጥ ያለ ሊባል የሚችል። ውጤታማ ከፍታ የሚባለው አንቴናው ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ካለው መሬት አማካይ ከፍታ የሚበልጥበት መጠን ነው። አሁን በጎሐ ጽዮን በኩል በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የቆመ ማማ ይታሰብ። ወንዙ ከአፋፉ ከ1000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፥ ወደ ደጀን አቅጣጫ ውጤታማው ከፍታ ከ200 ሜትር እጅግ ይበልጣል። ቀመሩ በዚህ ደስ ይለዋል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ብርቱ ምልክት ይተነብያልና። ሆኖም በሸለቆው ውስጥ የሚጠማዘዘው መንገድ በብዙ ስፍራ ከአፋፉ ትከሻ ሥር ይሸሸጋል። ካርታው በደማቅ ቀለም የቀባው ስፍራ ድምፅ የማይሰማበት ሊሆን ይችላል።

ኦኩሙራ ለኮረብታማና ለተዳፋት መሬት የማስተካከያ ግራፎች ነበሩት፤ በሃታ ዋና ቀመር ውስጥ ግን አልገቡም። ስለዚህ በሸለቆ አገር አውታር የሚነድፍ መሐንዲስ የመሬቱን ውጣ ውረድ ከካርታ አውጥቶ በመጋረድ የሚጠፋውን ብርታት ለብቻው ማስላት፥ ከዚያም መኪና አስነሥቶ መለካት ይኖርበታል። በልኬቱና በቀመሩ መካከል ያለው አማካይ ልዩነት የአገሩን ማረሚያ፥ የልዩነቱ መበታተን ደግሞ የአገሩን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሰጣል። 8 ይሁን 12 የሚታወቀው ያኔ ነው፤ 12 ከሆነ መጠባበቂያው ከ15 ዴሲቤል ያልፋል።