ትንሿ አርኤንኤ፣ የስኳር ድንቹ ሐረግና እኛ



ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ላወራችሁ ነው፤ ታማሚው ግን ሰው ሳይሆን ስኳር ድንች ነው። በሀዲያና በከምባታ እህል ሲያልቅ ብዙ ቤት የሚያሻግረው ከእንሰቱ ጋር እሱ ነው።

ተክል እንደኛ አንቲቦዲ የለውም። ቫይረስን የሚከላከለው በትንንሽ አርኤንኤዎች ነው። ቫይረሱ ሲራባ የሚፈጠረውን ድርብ አርኤንኤ ዳይሰር የሚባል ኢንዛይም ከ21 እስከ 24 ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ቁራጯን እንደ ተፈላጊ ሰው ፎቶ ይዞ ይዞራል፤ የሚገጥማትን የቫይረስ አርኤንኤ ሲያገኝ ይቆርጠዋል። መልእክቱ ሳይነበብ ቀረ፣ ጂኑ ዝም አለ ማለት ነው። ፋየርና ሜሎ ይህንን ዝም የማሰኘት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1998 በትል ላይ አሳይተው በ2006 ኖቤል ተሸልመዋል።

ታዲያ ሐረጉ ለምን ይታመማል? ቫይረሶቹ ሁለት ናቸው። በክሽክሽ የሚተላለፈው ብቻውን ሲሆን ብዙም ምልክት አያሳይም። በነጭ ዝንብ የሚመጣው ግን እነዚያን ቁርጥራጮች የሚያደቅ ኢንዛይም ይዞ ይገባል። ያኔ አድፍጦ የነበረው የመጀመሪያው ቫይረስ በመቶዎች እጥፍ ይራባል፤ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ምርቱ ይወድማል። ኤችአይቪ በር ከፍቶለት ቲቢ ሲበረታ ያየ ሐኪም ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ለታመመ ሐረግ መድኃኒት የለም። ገበሬው ካምናው ማሳ ቆርጦ ሲተክል ቫይረሱንም አብሮ ይተክላል፤ ለጎረቤት ሲሰጥም እንዲሁ። መፍትሔው በምርመራ የተረጋገጠ ንጹሕ ሐረግ ነው።

ነገሩ ከእኛ ሙያም አይርቅም። ሄፓታይተስ ሲ ጉበታችን ውስጥ ያለችውን ሚር-122 የምትባል ትንሽ አርኤንኤ ለመራባት ይጠቀምባታል። ሄፓታይተስ ቢን ዝም ለማሰኘት እየተሞከሩ ካሉት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ናቸው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናም ግብርናም ያስተምራል። የደም ቫይረስና የቅጠል ቫይረስ መመርመሪያ ኪቱ ቢለያይም የፒሲአሩ ዘዴ አንድ ነው። መምህራን የሁለቱን ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጥናት ብታገናኙልን፣ እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ለኪቱ ብናዋጣ፣ የሆሳዕና ዙሪያ ገበሬ የሚተክለውን ሐረግ አስመርምሮ መትከል ይችላል። ካልሆነ ግን ከማሳው የጎደለውን ድንች፣ ከሕፃኑ ክብደት ጎድሎ በሚዛናችን ላይ እናገኘዋለን።