ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ቃላትና እኛ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከትምህርት ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቋንቋ ጥቂት እንድንናገር በጋበዘን ጊዜ ምን ብንናገር ይጠቅማል ብለን ተመካከርን። እንግሊዝኛ ይከብዳል ማለት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሚከብደው የቱ ላይ እንደሆነ፣ ስሕተቱም ምን ላይ እንደሚጥለን ለማሳየት ወሰንን።

እዚህ አሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ቃል አላጣንም። ሆስፒታል፣ ኢንሹራንስ፣ ሬንት፣ ኦቨርታይም የመሳሰሉትን ትላልቅ ቃላት ኑሮው ራሱ አስተምሮናል። የሚያሰናክሉን ትንንሾቹ ናቸው፤ ተውላጠ ስሙ፣ መስተጻምሩ፣ ረዳት ግሡና ተውሳከ ግሡ።

ምክንያቱ ከራሳችን ቋንቋ ይጀምራል። የአማርኛ ግሥ ቤተሰቡን ሁሉ አዝሎ የሚሄድ ነው። «ስላልነገርኳቸው» የሚለውን ቃል እንመልከት። ምክንያቱ፣ አሉታው፣ ነገሩን ያደረገው፣ የተደረገበትም፣ ጊዜውም ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ አለ። እንግሊዝኛው ግን «ቢኮዝ አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ብሎ በስድስት ቃላት ይበትነዋል። ከስድስቱ አንዱ ቢጎድል ወይም ቦታውን ቢለቅ ነገሩ ይዛባል። እኛ ዋናውን ግሥ ከያዝን ሁሉን የያዝን ስለሚመስለን ትንንሾቹን እንጥላለን።

በዚህ ላይ «ዲድ» የሚባለው ረዳት ግሥ አለ። ያለፈውን ጊዜ እርሱ ከተሸከመው ዋናው ግሥ ባዶ እጁን ይሄዳል። ስለዚህ «አይ ዲድ ኖት ጎ» እንጂ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» አይባልም።

ወደ መስተጻምር እንለፍ። በአማርኛ «ቢደክመኝም ግን ሥራ ገባሁ» ብንል ያምርበታል። በእንግሊዝኛ ግን ወይ «ኦልዞው» ወይ «በት» ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ አይገቡም። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ስንልም «ዌን ሂ ከምዝ፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ነው፤ «ዊል» የሚገባው በኋለኛው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። እነዚህን ብንሳሳት ሰሚው ይረዳናል፤ ብዙም ጉዳት የለውም።

ጉዳት ያለው «አንለስ» ላይ ነው። አሉታው በውስጡ የተደበቀ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ካል… በስተቀር» ነው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ «አንለስ» ብሎ ጀምሮ ቅጹን በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሱ እርዳታው ይቋረጣል ይላል እንበል። አንባቢው «ቅጽ»፣ «መመለስ»፣ «30 ቀን»፣ «መቋረጥ» የሚሉትን ያውቃቸዋል። «ኖት» የሚል ቃል ግን አያይም። ስለዚህ ከመለስኩ ይቋረጥብኛል ብሎ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። አንዲት ቃል የወር ቀለብ ታስቀራለች ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው «አዎ» እና «አይደለም» ነው። በአማርኛ «መድኃኒቱን አልወሰዱም?» ተብለን ካልወሰድን «አዎ፣ አልወሰድኩም» እንላለን፤ የጠያቂውን ቃል ማጽደቃችን ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው የጠያቂውን ቃል ሳይሆን የሆነውን ነገር ነው። ያልተወሰደ ከሆነ መልሱ «ኖ» ነው። ነርሷ «ዲድንት ዩ ቴክ ዩር ሜዲሲን?» ብላ ጠይቃን «የስ» ካልን ወስደዋል ብላ ትጽፋለች። ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው። በ«የስ» ወይም በ«ኖ» ብቻ አናቁም፤ ዐረፍተ ነገሩን እንጨርሰው፤ «ኖ፣ አይ ዲድ ኖት ቴክ ኢት» እንበል።

ተውሳከ ግሥም እንዲሁ ነው። የእኛ «ገና» ለሁለት ቃል ይሠራል። «ገና አልሄደም» ስንል «ሂ ኢዝ ስቲል ሂር» ነው፤ «ገና አልመጣም» ስንል ደግሞ «ሂ ሃዝ ኖት ከም ዬት» ነው። ይህ በልምድ ይገኛል። «ኤቨር» የምትለዋ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 «ሃቭ ዩ ኤቨር» በሚሉ ጥያቄዎች የተሞላ ነው። እዚህ ላይ «ሃቭ» «አለኝ» ማለት አይደለም፤ ረዳት ግሥ ነው። «ኤቨር» ደግሞ «በሕይወትዎ አንድም ጊዜ» ማለት ነው። «ታስረው ያውቃሉ?» የሚለውን «አሁን ክስ አለብዎት?» ብሎ የተረዳ ሰው ከ15 ዓመት በፊት ተይዞ በነፃ የተለቀቀ ቢሆን እንኳ «ኖ» ይላል። እርሱ አልዋሸም፤ መርማሪው ግን እንደ ውሸት ሊቆጥርበት ይችላል። ወደ ቃለ መጠይቁ የምትሄዱ ሁሉ ከጥያቄው ውስጥ በመጀመሪያ «ኤቨር»ን ፈልጉ።

በመጨረሻ ወደ ተውላጠ ስም እንመጣለን። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ የምንለው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ዩ» ነው። ቀድሞ እነርሱም ለቅርብ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰውና ለተከበረ «ዩ» ይሉ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን «ዛው» ከዕለት ተዕለት ንግግር እየወጣ ሄዶ የአክብሮቱ ቃል ለሁሉም ሆነ። ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ ሽማግሌውን «ዩ» ቢል አልደፈረም።

ታዲያ አክብሮቱ የት ሄደ ቢባል ረዳት ግሡ ላይ ነው። በአማርኛ «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ ከግሡ ጋር ተሰፍቷል። «ጊቭ ሚ» ብለን ስንተረጉመው ግን አክብሮቱ መንገድ ላይ ይወድቅና ትእዛዝ ብቻ ይቀራል። «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ፣ ፕሊስ» ስንል ነው «ይስጡኝ» የሚሆነው። በአገራችን በጨዋነታቸው የሚታወቁ እናቶች እዚህ መስኮት ላይ ቁጡ ተብለው የሚታዩት በእነዚህ ትንንሽ ቃላት ጉድለት ነው።

ይኸው ነገር በልጆቻችን ላይ ተገልብጦ ይታያል። ልጁ በልቡ «ዩ» እያሰበ አያቱን «አንተ» ይላል፤ «እሄዳለሁ» በቂ ሆኖ ሳለ «እኔ እሄዳለሁ» እያለ «እኔ»ን ይደጋግማል። ይህ ብልግና አይደለም፤ የእንግሊዝኛው አሠራር ወደ አማርኛው ሲገባ ነው። ተቆጥተን ዝም ከምናሰኘው ግሡን እናስተምረው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው 10 ዓመት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየቤታችን ልጆች ለወላጆች «አንለስ»ን፣ «ኤቨር»ን፣ «ዬት»ን ያስተምሩ፤ ወላጆችም ለልጆች «ስላልነገርኳቸው»ን፣ «ይስጡኝ»ን፣ «እርስዎ»ን ያስተምሩ። አሁን ብዙ እናቶች ሐኪም ቤት የሚሄዱት የ10 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አድርገው ነው። የእናቱን ሕመም መጀመሪያ የሚሰማ ልጁ መሆን የለበትም። ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ ሲጠየቁ እንጠይቃቸው፤ ለእለት ተእለቱ ጉዳይ ግን በራሳችን አንደበት «ኖ፣ አይ ዲድ ኖት» ማለት እንልመድ።

ማኅበራችን ለሚቀጥሉት ዓመታትም በፍቅርና በአንድነት ይቆይልን።