ስሌቱ ሲስት ማን ይጠየቅ?



ከየካ ቀና ስንል በምናየው እንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እነሱ ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሊቃውንታችን የጨረቃን ሌሊት በዘመን መቁጠሪያው ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ያሰሉ ነበር። ዓመተ ዓለሙን ለ19 ይገድፉና (አካፍለው ቀሪውን ይይዙና) ከቀሪው አንድ ቀንሰው ወንበሩን ያገኛሉ፤ ወንበሩን በ11 አባዝተው ለ30 ሲገድፉት አበቅቴው ይወጣል። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ግድም ያንሳልና። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ አንድ ቀን ለመራቅ 300 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ሞዴል ዛሬም ያስቀናል። ጨረቃ ለምን እንደዚያ እንደምትዞር ግን አይናገርም፤ ለዚያም አልተሠራም። ምክንያቱን የሰጠን በ1687 እ.ኤ.አ. የታተመው የኒውተን ንድፈ ሐሳብ ነው።

የሞዴልና የንድፈ ሐሳብ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ስህተት ሲመጣ ነው። የአየር ትንበያ ሞዴል ምድርን በሳጥን ይከፋፍላል። ጎኑ 28 ኪሎ ሜትር የሆነ ሳጥን እንጦጦንና 2,330 ሜትር ግድም ላይ ያለውን ቦሌን አንድ ላይ ሊውጥ ይችላል፤ ያኔ ለሁለቱም አንድ ከፍታና አንድ ሙቀት ይሰጣል። አየር ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል የሚለው ፊዚክስ ግን በመካከላቸው 5 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠብቃል፤ እንጦጦ ወጥቶ የበረደው ሁሉ ምስክር ነው። እዚህ ላይ የሳተው ሳጥኑ ነው፤ ፊዚክሱ ምንም አልሆነም። ተቃራኒው የሚደርስበት ጊዜም አለ። የሜርኩሪ ምሕዋር በኒውተን ስሌት አልገጥም ሲል ያልታየች ፕላኔት እስከ መፈለግ ተደረሰ፤ በ1915 እ.ኤ.አ. አንስታይን የለወጠው ግን ራሱን ንድፈ ሐሳቡን ነበር።

«ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለ ፊዚክስ እኩልታ፣ ከመረጃ ብቻ ተምሮ፣ ከነባሮቹ ሞዴሎች እኩል አንዳንዴም አስበልጦ ይተነብያል፤ ንድፈ ሐሳብ ምን ይሠራልናል?» የሚል አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የነገን አየር ማወቅ ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ ልክ ነው። ሆኖም አስተውሎቱ የተማረበት የአርባ ዓመት ግድም መዝገብ የመለኪያ ጣቢያ በሌለበት ሥፍራ ሁሉ የተሞላው በፊዚክስ እኩልታ ነው። ደግሞም መዝገቡ የትናንት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርደውን የቀበና ወንዝ ጎርፍ ለመተንበይ ባሕር ዛፍ በለበሰው ተዳፋት ልክ ያስተካከልነው ሞዴል፣ ዛፉ ተቆርጦ ቦታው በቤት ወይም በአስፋልት ሲሸፈን ቁጥሮቹ ያረጁበታል። የዘነበው ውኃ ወይ ይሰርጋል፣ ወይ ይተናል፣ ወይ ይፈስሳል የሚለው ሕግ ግን ባለበት ይጸናል፤ አዲሱን ሞዴል የምንሠራውም በእሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ተመራቂዎች፣ ነገ ቀበና ዳር ቤት ይሠራ አይሠራ ተብላችሁ ቁጥር ላይ ስትፈርሙ፣ የሳጥኑን ስፋት፣ ከቁጥሮቹ የትኛው ከሕግ እንደተገኘና የትኛው በእጅ እንደተስተካከለ አብራችሁ ጻፉ። እንኳን ደስ አላችሁ!